ሰንጢው ተገዛ፤ የት ይቀመጥ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተመላላሽ የአያያዝ ንጽጽር

ሰንጢ የሚገዛ ሰው ሱቅ ደጃፍ ቆሞ የሚመረምረው ስለቱን፣ እጀታውንና ዋጋውን ነው። ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋዋል፣ ጥቂት ይከራከርና ከፍሎ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ጣል አድርጎት ይሄዳል። የት ልያዘው የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ፣ ኪሱ ሲበሳ ወይም ሰንጢው ሲጠፋ ነው። እኔ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታና የዲሽ ተከላ እየሠራሁ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በተመላለስኩባቸው ዓመታት ሦስት ሰንጢ ጠፍቶብኛል። ሦስቱም የጠፉት ተቀምጬ ሳለ ወይም ከመቀመጫዬ ስነሣ ነው፤ አንዱም መሰላል ላይ ሆኜ ከእጄ አልወደቀም።

ይህ ጽሑፍ የትኛው ሰንጢ ይሻላል ለሚለው መልስ አይሰጥም። ሰንጢው ተገዝቷል ብሎ ይነሣና አያያዙን ይመረምራል። የሚመለከተውም ተጣጣፊውን የሥራ ሰንጢ ብቻ ነው፤ ካርቶን የሚከፍተውን፣ የሽቦ ልባስ የሚገፈውን፣ ሲባጎ የሚቆርጠውን፣ ከምሳ በኋላም ብርቱካን የሚልጠውን። የማይታጠፍ ቢላዋ አፎት ስለሚያስፈልገው ጉዳዩ ሌላ ነው።

በምን እንመዝን?

መለኪያው አስቀድሞ ካልተቀመጠ እያንዳንዱ ሰው የለመደውን አያያዝ ያሞግሳል። በእኔ ሚዛን ከሁሉ የሚከብደው መስፈርት የመጥፋት ነገር ነው። ቆሞ ለሚሠራ ሰው ኪስ እንደ ጉድጓድ ነው፤ የገባው ነገር በራሱ አይወጣም። ሲቀመጥ ግን ጭኑ ይጋደምና የኪሱ አፍና ግርጌ እኩል ይሆናሉ፤ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ለተቀመጠ ሰውማ አፉ ከግርጌው ዝቅ ይላል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ተሳፋሪው በየኩርባው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ፣ እጀታው ለስላሳ የሆነ ሰንጢ በጥቂት በጥቂቱ እየሾለከ በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ገብቶ ይቀራል። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ኮምቦልቻ ወርዶ፣ መኪናው ተሳፋሪ ጭኖ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው መስፈርት ሰንጢው ኪስ ውስጥ ተዘግቶ መቆየቱ ነው። ይህ በአሠራሩ ይወሰናል። የድሮው ዓይነት ሰንጢ ስለቱ በጀርባው ባለ ሞላ ኃይል ብቻ ተይዞ ስለሚዘጋና ለመክፈት ጥፍርና ሁለት እጅ ስለሚጠይቅ፣ ሞላው እስካልደከመ ድረስ በራሱ የመከፈት ዕድሉ አነስተኛ ነው። የፈረንሳዩ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ አንገቱ ላይ የሚሽከረከር የብረት ቀለበት አለው፤ ዛሬ የሚሠሩት ሲከፈትም ሲዘጋም በቀለበቱ ይቆለፋሉ። በአውራ ጣት ተገፍተው በአንድ እጅ የሚከፈቱት ዘመናዊዎቹ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ለእጅ የቀለለ ነገር ኪስ ውስጥ ላለ ቁልፍና ሳንቲምም ይቀላልና። ሰንጢውን በሁለት ጣት ከስለቱ ጀርባ በኩል አንጠልጥሎ ሳይከፍቱ ቀስ ብሎ መነቅነቅ ጥሩ ፈተና ነው። ስለቱ ፍንክች ካለ፣ ያ ሰንጢ ልቅ ሆኖ ኪስ ሊገባ አይገባውም።

ሦስተኛው የአየሩና የልብሱ ጉዳይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስትሆን ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። ጠዋት ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ጃኬት ደርቦ የተነሣ ሰው እኩለ ቀን ላይ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ይሰቅለዋል። ጃኬት ኪስ ውስጥ ያለ ሰንጢ እንግዲህ ከሰውየው ጋር አይደለም፤ ከወንበሩ ጋር ነው። በዚያም ላይ የኮምቦልቻ ላብና የደሴ ክረምት እርጥበት ብረቱን ይፈታተኑታል። የማይዝግ የሚባለው ብረት ስሙን ያገኘው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው ነው፤ ይህም ዝገትን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም። ተራው የካርቦን ብረት ደግሞ ብርቱካን ተልጦበት ሳይጠረግ ቢያድር ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል።

አራተኛው የሰው ዓይን ነው። ሰንጢው የሥራ ዕቃ መሆኑን ባለቤቱ ያውቃል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ተሳፋሪ ግን በምን ያውቃል? ለቅሶ ቤት ሲገባ፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ባንክ በር ላይ እጁን ዘርግቶ ሲፈተሽ፣ ወገብ ላይ ጎልቶ የሚታይ ሰንጢ ባለቤቱን ያሳፍራል፣ ሌላውን ያሳስባል። ለፈጣሪና ለሐዘንተኛ ሲባል ቢያንስ የማይታይ መሆን አለበት፤ ቢቻል ቤት መተው ይሻላል።

የቀሩት ሁለት መስፈርቶች፣ ማለትም በአንድ እጅ ቶሎ መድረስና ወጪው፣ ለአብዛኛው ሰው ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። መሰላል ላይ አንድ እጁን ለምሰሶው የሰጠ ሰው ብቻ የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይቁጠረው።

ልቅ ሆኖ በሱሪ ኪስ

ወጪ የለውም፣ አይታይም፣ ልማድም ነው። ከላይ በተዘረዘሩት መስፈርቶች ሲመዘን ግን ከመጥፋትም ከልብስም አንጻር ይወድቃል። ሰንጢ ኪስ ውስጥ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ተጋድሞ ከግርጌው ይተኛና በእያንዳንዱ እርምጃ ጭን ላይ እየተመላለሰ ስፌቱን ይበላዋል። የእኔ ሱሪዎች የሚበሱት ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው፤ በቀኝ ኪስ ግርጌ፣ በውጭው ማዕዘን፣ መጀመሪያ ሳንቲም በሚያሾልክ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ ጣት በሚያስገባ። ስልክ አብሮ ካለ የስልኩ መስታወት ይጫራል። የኪስ ብናኝም ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ይለወስና ሰንጢው ሲከፈት እንደ አሸዋ ያንኮሻኩሻል።

ትንሽ ለሆነ፣ ጥፍር ለሚፈልግና ክብ ጠርዝ ላለው ሰንጢ አያያዙ ይበቃል። የጅንስ ሱሪ ባለቤት ደግሞ ከፊት ኪሱ በላይ ያለችውን የሳንቲም ኪስ ይሞክር፤ በትንሽነቷ ምክንያት ሰንጢውን አቁማ ትይዘዋለች፣ ሲቀመጡም አታፈስም። ርዝመቱ 58 ሚሊ ሜትር የሆነው ትንሹ የስዊዝ ሰንጢ በሚገባ ይገባባታል፤ 91 ሚሊ ሜትሩ ግን አንገቱ ይወጣል።

በኪስ ውስጥ፣ በቆዳ ከረጢት

ከሁሉም አማራጮች በጥቂት ወጪ ብዙ ችግር የሚፈታው ይህ ነው። በሰንጢው ልክ የተሰፋ፣ ክዳን የሌለው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ የቆዳ ከረጢት ማለት ነው። ሻካራው የቆዳ ገጽ ከኪሱ ጨርቅ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ሲቀመጡ ሰንጢው እንደ ሳሙና አይሾልክም። ስለቱ ቢላላ እንኳ ቆዳው ይዘጋዋል። ስልክም ልብስም ይድናሉ፤ ከውጭ የሚያየውም ሰው የገንዘብ ቦርሳ ይመስለዋል።

ይህን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፣ ደሴም ጫማ ሰፊ አጥታ አታውቅም። የእኔን የሠራልኝ ደሴ ፒያሳ ጥግ ይዞ የሚሠራ ጫማ ሰፊ ነው። ከጫማ ገበር የተረፈ ቁራጭ አንሥቶ በሰንጢው ላይ አጠፈው፣ በወስፌ ጫፍ ዙሪያውን አሰመረ፣ ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ትርፍ ትቶ ቆረጠና በሰም በታሸ ክር ሰፋው። ከዚያ ሳልጠይቀው ሁለት ነገር ጨመረ። አፉ ላይ አውራ ጣት የሚገባበት የግማሽ ጨረቃ ጎድጓዳ ቆረጠ፤ ከግርጌው ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ በሳ። ቀዳዳው ምን ይሠራል ብለው፣ «ቆሻሻው በየት ይውጣ? እንደ ጫማ ልታራግፈው ነው?» አለኝ።

ጉድለቱ ሁለት ነው። ሰንጢውን ለማውጣት ከረጢቱን በአንድ እጅ፣ ሰንጢውን በሌላው መያዝ ስለሚጠይቅ ለመሰላል ሠራተኛ አይመችም። ሁለተኛ፣ ቆዳ እርጥበት ይጠጣል። በሐምሌ ዝናብ የራሰ ከረጢት ውስጥ ለቀናት የቆየ ሰንጢ፣ በተለይ የካርቦን ብረቱ፣ ነጠብጣብ ዝገት ያወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማታ ሰንጢውን ከቆዳው አውጥቶ ማሳደር፣ በሳምንት አንድ ጊዜም የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጎ በጨርቅ መጥረግ።

በኪስ ጠርዝ ላይ፣ በመቆንጠጫ

ብዕር ክዳን ላይ እንዳለው ዓይነት የብረት መቆንጠጫ ሰንጢው ላይ ተገጥሞ፣ ሰንጢው በኪሱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ይህን አያያዝ ዓለም የለመደው የአሜሪካው ስፓይደርኮ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ሰንጢ አማካይነት ነው፤ ዛሬ ከቻይና በርካሽ የሚመጡትም ጭምር መቆንጠጫ አላቸው። ስለዚህ ለብዙ ገዢ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

ጥንካሬው ግልጽ ነው። እጅ ያለ ፍለጋ ያገኘዋል፣ ኪሱ ለሌላ ዕቃ ነጻ ይሆናል፣ ሰንጢውም ከግርጌ ሳይደርስ ስለሚቀር ብናኝ አይበዛበትም። ቆሞ ለሚውል ሠራተኛ፣ ለምሳሌ መጋዘን ውስጥ ጆንያና ካርቶን ሲከፍት ለሚውል፣ ከዚህ የተሻለ የለም። ሲያስገቡት ግን የስለቱ ጀርባ የኪሱን የኋላ ስፌት ተደግፎ እንዲቆም ማድረግ ያስፈልጋል፤ ስለቱ ሊከፈት ቢል ስፌቱ ያግደዋልና። በተቃራኒው የተሰካ ሰንጢ ላላ ብሎ ጫፉ ቢወጣ የሚጠብቀው ኪስ የገባ እጅ ነው።

ለተመላላሽ ግን አልመክረውም፣ ምክንያቱም የሚኒባስ ወንበር ጠላቱ ነው። ከጎን ያለው የመቀመጫ ብረት ወይም የተቀደደ የወንበር ልብስ መቆንጠጫውን ይጠልፈዋል፤ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ!» ብሎ በችኮላ ሲነሣ ሰንጢው ከኪሱ ተስቦ ይወጣል። ሁለተኛው የጠፋብኝ ሰንጢ የሄደው እንዲህ ነው፤ ሲወድቅ ድምፁን ሰምቼ እንኳ የበሩ ነው ብዬ አለፍኩት። መቆንጠጫው ቆሞ ካለ መኪና ጋር ሲተሻሸ ቀለም ይጭራል። ስስ የክት ሱሪ ላይ ደግሞ የኪሱን አፍ ወደ ታች ይጎትታል። የሚይዙት ጥቃቅን ብሎኖችም ይላላሉ፤ በወር አንዴ በትንሽ ካቻቢቴ ማጥበቅ ይገባል። ደሴ ላይ ጃኬት ስለሚሸፍነው አይታይም፣ ግን ያው ጃኬት እጅንም ያግዳል። ኮምቦልቻ ላይ ጃኬቱ ይወልቅና ለሁሉም ሰው ይታያል።

በቀበቶ ላይ

ክዳን ያለው የቀበቶ ማኅደር ከመጥፋት አንጻር አንደኛ ነው። ለትልቅና ከባድ ሰንጢ፣ ቱታ ለብሶ ለሚሠራ መካኒክ፣ እንዲሁም ኪስ የሌለው ሽርጥ ለብሶ በቀበቶ ለሚያጠብቅ ገበሬ ተመራጭ ነው። ክዳኑ የሚዘጋው በሚጣበቅ ጨርቅ ከሆነ አቧራና ገለባ ይሞላውና በዓመቱ መያዝ ያቆማል፤ በቁልፍ የሚዘጋው ይበልጣል። ሲቀመጡ እንዳይወጋ ከዳሌ አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ መሆን አለበት። ዋናው ድካሙ መታየቱ ነው፤ በየበሩ የመጀመሪያው ጥያቄ እርሱ ይሆናል።

በአንገት ገመድና በቁልፍ ቀለበት

በአንገት ማንጠልጠል ከሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ለሚሠራ ሰው ፈጽሞ አይመከርም፤ ገመዱ ከተያዘ አንገትን ይዞ ይሄዳል። ለቀረው ሰውም ጎንበስ ባለ ቁጥር ፊቱ ላይ ከመወዛወዝ ሌላ የረባ ጥቅም አላየሁበትም።

የቁልፍ ቀለበት ለትንሿ ሰንጢ ይበጃል። ቁልፉን የማይረሳ ሰው ሰንጢውንም አይረሳም። ችግሩ በር ላይ ነው፤ ጥበቃው ሰንጢውን ሲወስድ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል፣ ወይም ባለቤቱ ቆሞ ቀለበቱን በጥፍሩ ሲያላቅቅ ወረፋው ከኋላው ያጉረመርማል። በመጫን የሚላቀቅ ማያያዣ መጨመር ይህን ይፈታል።

በሥራ ቦርሳ ውስጥ

በቀን ሁለት ሦስት ፍተሻ የሚያልፍ ሰው ሰንጢውን ከፒንሳና ከካቻቢቴ ጋር በሥራ ቦርሳው ቢይዝ ይሻለዋል። ከመሣሪያዎች መካከል ያለ ሰንጢ መሣሪያ ይመስላል፤ ብቻውን ከኪስ የወጣ ሰንጢ ግን ጥያቄ ያስነሣል። ይህን ያስተማረኝ አራተኛው ሰንጢዬ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ተጠርቼ ስገባ ጥበቃው ኪሴን ዳብሶ አወጣውና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ወረቀት ስጠኝ ብለው፣ «አብሽር ወንድሜ፣ ስትወጣ ትወስደዋለህ» አለኝ። ስወጣ ተረኛው ተቀይሯል፤ አዲሱ ሰው መሳቢያውን ከፈተልኝ፣ ውስጡ የተሰበረ መነጽርና ሁለት የብዕር ክዳን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ሰንጢ ስተው ቁጥር ወይም ፊርማ እጠይቃለሁ፤ እምቢ ካሉኝ መኪና ውስጥ ወይም ደንበኛዬ ሱቅ አስቀምጬ እመለሳለሁ።

በአውሮፕላን የሚጓዝም ሰው በእጅ በሚያዝ ሻንጣ ውስጥ ሰንጢ ይዞ ማለፍ አይችልም፤ ወደ ዕቃ ማጓጓዣው በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው። ማታ ሻንጣ ሲዘጋጅ ቦርሳን ገልብጦ ማየት ይበጃል፣ የተረሳ ሰንጢ የሚገኘው ሁልጊዜ በጎን ኪስ ነው።

ንጽጽሩ በሠንጠረዥ

| አያያዝ | እንዳይጠፋ | ተዘግቶ መቆየት | የእጅ ፍጥነት | ለዓይን መሰወር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ልቅ በኪስ | ደካማ | እንደ ሰንጢው | መካከለኛ | ጥሩ | የለም፤ የኪስ ጥገና ግን አለ |
| በኪስ፣ በቆዳ ከረጢት | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ዝግተኛ | በጣም ጥሩ | ጥቂት |
| በመቆንጠጫ | ለቆሞ ሠራተኛ ጥሩ፣ ለተሳፋሪ ደካማ | በትክክል ከተሰካ ጥሩ | በጣም ጥሩ | ደካማ | ከሰንጢው ጋር ይመጣል |
| በቀበቶ ማኅደር | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | በጣም ደካማ | ከሁሉ ከፍ ያለ |
| በአንገት ገመድ | ጥሩ | እንደ ሰንጢው | ጥሩ | መካከለኛ | እጅግ ጥቂት |
| በቁልፍ ቀለበት | በጣም ጥሩ | ለትንሽ ሰንጢ ጥሩ | ዝግተኛ | ጥሩ | እጅግ ጥቂት |
| በሥራ ቦርሳ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ዝግተኛ | በጣም ጥሩ | ቦርሳው ካለ የለም |

ለማን የትኛው?

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በሚኒባስ የሚመላለስ ሰው የቆዳ ከረጢቱን ይምረጥ፤ ከሱሪው የፊት ኪስ እንጂ ከጃኬቱ አያስገባው። ተጨማሪ ዋስትና ከፈለገ ሰንጢው ላይ ያለችውን ቀዳዳ በአጭር ክር ከቀበቶ ማንጠልጠያው ጋር ይሰር፤ የክሩ ርዝመት ሰንጢውን እስከ ደረት ለማድረስ ብቻ የሚበቃ ይሁን፤ ከዚያ ከረዘመ ከኪሱ አፍ ወጥቶ ይወዛወዛል። መጋዘን ወይም መሰላል ላይ ውሎ በእግሩ ቤቱ የሚገባ ሰው መቆንጠጫውን ያለ ሥጋት ይጠቀም። ጋራዥና እርሻ ላይ ያለ ሰው ቀበቶውን፣ ቢሮ ውሎ አልፎ አልፎ ፖስታና ፍራፍሬ የሚከፍት ሰው ደግሞ የቁልፍ ቀለበቱን ይያዝ። በየቀኑ ፍተሻ ያለበት ሠራተኛ ከቦርሳው ሌላ ባያስብ ይሻላል፤ ፈጣን አይደለም፣ ግን ማታ አብሮት ቤት ይገባል።

ብዙ ማውጣት ለማይፈልግ ወይም ሰንጢው ለከረጢት የማይመች ቅርጽ ላለው ሰው አንድ የተረሳ መንገድ ልጨምር። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ የሱሪውን ቀኝ ኪስ በአንድ ቀጥ ያለ ስፌት ለሁለት ማስከፈል ይቻላል፤ በውጭው በኩል የምትቀረው ጠባብ ክፍል ሰንጢውን አቁማ ትይዘዋለች፣ ስልኩም ከወዲህ ለብቻው ይቀመጣል። የሚከፈለው ቁልፍ ለማስተከል ከሚከፈለው ብዙም አይበልጥ። ሱሪው ሲሰጥ ግን ሰንጢውም አብሮ ይሰጥ፤ ሰፊው ኪሱን ገልብጦ ሰንጢውን ላዩ ላይ አጋድሞ በሳሙና ስባሪ ያሰምረዋል። በግምት ያሰፋሁት የመጀመሪያው ጠቦብኝ አስፈትቼዋለሁ።